መጀመሪያ ካለው አስጀማሪ አለው?

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በጳጳሳዊው የሳይንስ አካዳሚ ፊት ቀርበው፣ ዘመናዊው ሳይንስ የፍጥረትን የመጀመሪያ ቅጽበት እየመሰከረ ነው የሚል መንፈስ ያለው ንግግር አደረጉ። ብዙ አማኞች ደስ አላቸው። ደስ ካላላቸው መካከል ግን ንድፈ ሐሳቡን ያፈለቁት ሰው ራሳቸው ነበሩበት፤ ቤልጅየማዊው የፊዚክስ ሊቅ፣ ካህኑ አባ ዦርዥ ለሜትር።

ለሜትር በ1927 ከአይንስታይን ቀመር ተነሥተው ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን አሳዩ፤ በ1931 ደግሞ ሁሉም ነገር ከአንድ ቀዳማይ አቶም ተነሣ አሉ። ዛሬ ቢግ ባንግ የምንለው ሐሳብ ሥሩ ይኸው ነው። (ስሙን ያወጡለት ሐሳቡን እስከ መጨረሻው ያልተቀበሉት እንግሊዛዊው ፍሬድ ሆይል መሆናቸው ግርም ይላል።) ለሜትር ቄስ በመሆናቸው ኦሪት ዘፍጥረትን ሒሳብ አልብሰው አመጡብን የሚል ጥርጣሬ አላጣቸውም። አቋማቸው ግን አንድ ነበር፦ ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው፤ አማኙም ኢአማኙም እኩል ሊቀበለው ይችላል። ፒዮስ 12ኛም ከዚያ ንግግራቸው በቀጣዩ ዓመት፣ በ1952፣ ሮም ለተሰበሰቡ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሲናገሩ ሳይንስ የፍጥረትን ቅጽበት ይመሰክራል የሚለውን አባባል አልደገሙትም።

የቄሱ ጥንቃቄ የሚገባን ሁለት ጥያቄዎችን ስንለይ ነው። ዓለም መጀመሪያ አላት ወይ? ይህ አንድ ነው። ዓለም ህልውናዋን ያገኘችው ከራሷ ነው ወይስ ከሌላ? ይህ ሌላ ነው። የቀድሞ ሊቃውንት ልዩነቱን ያውቁ ነበር። ኢብን ሲና ዓለም በዘመን መጀመሪያ የላትም፣ ሆኖም ምንጊዜም በፈጣሪ የቆመች ናት ይል ነበር። አል ገዛሊ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ይህን ክፉኛ ተቃወመ፤ መጀመሪያ ያለው ሁሉ አስጀማሪ አለው፣ ዓለምም መጀመሪያ አላት፣ እንግዲህ አስጀማሪ አላት አለ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ሦስተኛ መንገድ ያዘ፦ የፈጣሪን መኖር በምርምር ማስረዳት ይቻላል፣ የዓለምን መጀመሪያ ግን የምናውቀው በእምነት ብቻ ነው።

በግዕዝ የተጻፈው ሐተታ ዘዘርዓ ያዕቆብም «ማን ፈጠረኝ?» ብሎ ይነሣል። ወላጆቼ? እነሱንስ? እያለ ወደ ኋላ ሄዶ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ይቆማል። የኢትዮጵያ ጥናት ሊቁ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 መጽሐፉ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሳይሆን የጣሊያናዊው ሚስዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ሥራ ነው ካለ ወዲህ የጸሐፊው ማንነት ያከራክራል። ሙግቱን ግን ይህ አያጠብቀውም፣ አያላላውም።

የዚህ ዓይነት ሙግት ስስ ቦታ የታየው በጥር 1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ነው። ኢየሱሳዊው አባ ፍሬድሪክ ኮፕልስተን፣ በዓለም ያለው እያንዳንዱ ነገር ላይኖር ይችል ስለነበር ጠቅላላው ምክንያት ይሻል አሉ። ፈላስፋው በርትራንድ ራስል ደግሞ እያንዳንዱ ሰው እናት አለው ማለት የሰው ዘር በጠቅላላው አንዲት እናት አለው ማለት አይደለም ሲሉ መለሱ፤ ዓለም እንዲሁ አለች፣ በቃ። በእኔ ግምት የእናቱ ምሳሌ ጠንካራ ነው። «እንዲሁ አለች» የሚለውን ግን ራስል ስለ ሌላ ስለምንም ነገር ቢነገራቸው የሚቀበሉት አይመስለኝም።

በ1965 የፔንዚያስ እና የዊልሰን ግኝት፣ ከየአቅጣጫው የሚደርሰን ደካማ ጨረር፣ ዓለም መጀመሪያ የላትም የሚለውን የሆይልን ወገን ክፉኛ አዳከመ። መጀመሪያ አለ የሚሉት የረቱ መሰለ። ሳይንሱ ግን እዚያ አልቆመም። በ1981 እዚያው ቫቲካን በተደረገ ጉባኤ ስቲቨን ሆኪንግ ጊዜ የመነሻ ጠርዝ የማይኖረውን ጽንፈ ዓለም ሐሳብ አቀረቡ፤ በ1983 ከጄምስ ሃርትል ጋር አስፋፍተው አሳተሙት። በ1988ቱ መጽሐፋቸውም ጠርዝ ከሌለ ለፈጣሪ ምን ቦታ ይቀራል ሲሉ ጠየቁ። እዚህ ላይ ሆኪንግ ከፒዮስ 12ኛ ጋር ተገናኙ፤ ሁለቱም ፈጣሪን የፈለጉት ጠርዙ ላይ ነው። ኢብን ሲናና አኩዊናስ ግን ጠርዝ ኖረም አልኖረም ጥያቄያቸው አይነካም ነበር።