ምጽዋ፦ ከቱርክ እጅ ወደ ጣልያን

የቱርክ ጦር በኡዝደሚር ፓሻ መሪነት ምጽዋን የያዘው በ1549 ዓ.ም. ነው። ኢስታንቡል ቀይ ባሕር ዳር ላለው ይዞታዋ “የሐበሻ ግዛት” የሚል ስም ብትሰጠውም፣ ወደ ደጋው ለመዝለቅ ያደረገችው ሙከራ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን ከሽፏል። ከዚያ በኋላ ቀረጥ የሚቀበለው፣ ነጋዴውን የሚያሳልፈውም የሚያግደውም ከምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ የተቀመጠው የቱርክ እንደራሴ፣ ናይቡ፣ ነበር። ከደጋው ጨውና ጨርቅ ፍለጋ ለሚወርድ ሲራራ ነጋዴ ቱርክ ማለት ይኸው ናይብ ነበር።

ይህ የላላ ሥልጣን ሦስት መቶ ዓመት ቆየ። የቱርክ መዳከም ብቻውን ተቀናቃኝ አልጠራም፤ የጠራው ቦታው መወደዱ ነው። በ1862 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ቀይ ባሕር የሕንድ መንገድ ሆነ። እንግሊዝ መንገዱ በሌላ እንዳይዘጋባት ሠጋች፤ ፈረንሳይ ቀድማ ኦቦክን ገዝታ ነበር፤ አንድ የጣልያን የመርከብ ኩባንያም በዚያው ዓመት አሰብ ላይ መሬት ገዛ።

ምጽዋን ለመያዝ ከሁሉ የቀደመችው ግን የቱርኩ ሱልጣን የራሱ ገባር ግብፅ ናት። ገዥዋ ከዲቭ እስማኤል ምጽዋን በዓመታዊ ክፍያ ተረከበ። በምጽዋ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ስዊሳዊው ሙንዚንገርም ለከዲቩ አድሮ በ1864 ዓ.ም. ከረንን ያዘ። ዐፄ ዮሐንስ ፍትሕ ፈልገው ወደ አውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤና መልእክተኛ ላኩ፤ የረዳቸው አልነበረም። መልሱን ራሳቸው በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ በጦር ሜዳ ሰጡ። ግብፅ በጦርነቱ ሠራዊቷን፣ በብድር ደግሞ ካዝናዋን አጥታ በ1875 ዓ.ም. መባቻ ላይ በእንግሊዝ እጅ ወደቀች።

እንግሊዝ በሱዳን ዐማፅያን በመሐዲስቶች የተከበበውን የግብፅ ጦር ከሱዳን ለማስወጣት ዐፄ ዮሐንስ አስፈለጓት። ግንቦት 1876 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በተፈረመው፣ በእንግሊዙ አድሚራል ሂወት ስም በተጠራው ውል ከረን ያለችበት ቦጎስ ለኢትዮጵያ እንዲመለስ፣ የጦር መሣሪያን ጨምሮ ማናቸውም ዕቃ በምጽዋ ያለ ቀረጥ እንዲያልፍ ቃል ተገባ። ንጉሠ ነገሥቱ የገቡትን ቃል ፈጸሙ። እንግሊዝ ግን ወደቡ ፈረንሳይ እጅ ከሚገባ ጣልያን ብትይዘው መረጠች። ውሉ በተፈረመ በስምንተኛው ወር፣ ጥር 1877 ዓ.ም.፣ የጣልያን ወታደሮች በእንግሊዝ ይሁንታ ምጽዋ ገቡ። ይህ ግልጽ ክሕደት ነበር።

ከዚያ ያለው በፍጥነት ተከተለ፦ በ1879 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ የጦር አዛዥ ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣልያንን ጦር ደመሰሱ፤ በ1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ መተማ ላይ ወደቁ፤ ታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. ጣልያን ቅኝ ግዛቷን “ኤርትራ” ብላ አወጀች።