ተጨማሪ መረጃ፦ ይድነቃቸው ተሰማ፣ ከተጫዋችነት እስከ አሠልጣኝነት

ከሚዛን ተፈሪና ከቴፒ የቡና ምድር ተነሥቶ በቦንጋ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ የሚያልፍባት የጅማ ከተማ፣ ለኢትዮጵያ ስፖርት ታላቅ ባለውለታ የሆኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. የተወለዱባት ናት። የስመ ጥሩው ባለቅኔ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብና በብሔራዊው ቡድን በተጫዋችነት ካገለገሉ በኋላ፣ በሜዳ የቀሰሙትን ጥበብ ለተተኪዎቻቸው ለማውረስ ወደ አሠልጣኝነት ተሸጋገሩ።

የድካማቸው ፍሬ ገሃድ የሆነው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በዚያች ዕለት አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ እሳቸው ያሠለጠኑት ቡድን በግብፆች ሁለት ጊዜ ቢመራም፣ በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎም አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ ስላደረጉ መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ተፈጸመ፤ በተጨማሪውም ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አክለው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 ድል ነሣች።

ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. አንሥቶ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ አፓርታይድ የነገሠባት ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እግር ኳስ ማኅበር እንድትወገድ አጥብቀው ታግለዋል። ስለዚህ ዛሬ በሚዛን፣ በቴፒና በቦንጋ ሜዳዎች ወጣቶችን የሚያሠለጥን ሁሉ፣ የኳስን ጥበብ ከሰብአዊ ክብር ሳይለይ ማስተማር ግዴታው መሆኑን ከእኒህ ሰው ሕይወት ሊማር ይገባዋል።