ጣራው የተገነጠለበት የሰማይ ቤት

ነፋስ የቤትዎን ጣራ ቢገነጥለው ምን ያደርጋሉ? አናጢ ያስጠራሉ። አናጢውም መሰላሉን አቁሞ፣ ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ ይወጣና ቆርቆሮውን ይመታል፤ ከመሸም «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ይወርዳል። ዛሬ የምንነግርዎ ታሪክ ግን ስለ ሌላ ዓይነት ቤት ነው። ይህ ቤት ከምድር 435 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ በየ93 ደቂቃው ዓለምን አንድ ጊዜ እየዞረ ይበር ነበር። መሰላል የሚቆምበት መሬት የለውም። አናጢው መዶሻውን ቢለቀው መዶሻው እግሩ ሥር አይወድቅም፤ እንደ ወጣ ይቀራል። አናጢውም ራሱ ቢለቅ እንደዚያው ነው።

የቤቱ ስም ስካይላብ ነበር፤ የሰማይ ቤተ ሙከራ ማለት ነው። አሜሪካኖች ሰው ወደ ጨረቃ ልከው ከመለሱ በኋላ ከሳተርን ሮኬት ክፍሎች አንዱን ወስደው፣ ነዳጅ ሊሞላበት የነበረውን ትልቅ በርሜል መኝታ፣ ምግብ ቤትና የሥራ አዳራሽ አደረጉት። ክብደቱ ከ75 ቶን በላይ ነበር፤ ለሥራውም የወጣው ገንዘብ ከ2 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። የጠፈር ተጓዦች ሦስት ሦስት እየሆኑ በየተራ እንዲኖሩበት፣ ፀሐይን በልዩ መነጽር እንዲመረምሩ፣ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ የሰው ሰውነት ክብደት በሌለበት ስፍራ ብዙ ሳምንታት መሰንበት ይችል እንደ ሆነ እንዲፈትኑ ታስቦ ነበር።

ግንቦት 6 ቀን 1965 ዓ.ም. (በፈረንጆች ሜይ 14 ቀን 1973) ስካይላብ ሰው ሳይኖርበት ከፍሎሪዳ ተተኮሰ። ሦስቱ ነዋሪዎች በማግሥቱ በሌላ ሮኬት ሊከተሉት ተዘጋጅተው ነበር። ሮኬቱ ከመሬት ከተነሣ ገና 63 ሰከንድ ያህል ሲሆነው ጥፋቱ ደረሰ። በቤቱ ገላ ዙሪያ የተጠቀለለ ስስ የብረት ልብስ ነበረ፤ ሥራውም ከጠፈር የሚወረወሩትን ጥቃቅን ድንጋዮች መከላከልና የፀሐይን ቃጠሎ ማብረድ ነው። የነፋሱ ግፊት ከሥሩ ገብቶ ልብሱን ገነጠለው። በሁለት ጐን ታጥፈው ከተቀመጡት፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጡት ሁለት ታላላቅ ክንፎች አንደኛው መታጠቂያው ላላ፤ ትንሽ ቆይቶም ጨርሶ ተቆርጦ ሄደ። ሁለተኛው ክንፍ ግን በዚያው በተቀደደው ልብስ ቁራጭ ታስሮ፣ ሳይከፈት እንደ ታጠፈ ቀረ። አንዱን ያጠፋው ቅዳጅ ሌላውን አስሮ ማቆየቱ በጀ እንጂ እሱም ተከትሎ በሄደ ነበር።

እንግዲህ በሂውስተን ከተማ ተቀምጠው ቤቱን በራዲዮ የሚያዝዙት መሐንዲሶች ያጋጠማቸውን ጭንቀት ይመልከቱ። ጥላው ስለ ተነጠቀ የቤቱ ውስጥ ሙቀት እስከ 52 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወጣ። ለወራት የተከማቸው ምግብና የፎቶግራፍ ፊልም እንዳይበላሽ፣ የግድግዳው ሽፋንም ግሎ መርዝ እንዳይተፋ ተፈራ። ቤቱን ከፀሐይ ፊት ዘወር ቢያደርጉት ሙቀቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን በፀሐይ መመልከቻው ላይ ያሉት፣ ሳይጎዱ የቀሩት ትንንሽ ክንፎች ብርሃን ያጡና ኤሌክትሪኩ ይደክማል። ወደ ፀሐይ ቢመልሱት ኤሌክትሪኩ ይበረታል፤ ቤቱ ግን እንደ ምድጃ ይግላል። ሌሊትና ቀን ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ እያዘነበሉ ቤቱን በሕይወት አቆዩት። በእኛ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ሁሉ ያልተመሰገኑት እነዚህ ሰዎች ናቸው።

የነዋሪዎቹ ጉዞ በ10 ቀን ተላለፈ። በነዚያ 10 ቀኖች ውስጥ የተሠራውን ሥራ ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓመት በፈጀ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤቱን በምን እናጥላው?» የሚል ነው። ጃክ ኪንዝለር የተባሉ የሂውስተኑ የጠፈር ማዕከል የቴክኒክ ሥራ ኃላፊ እርስ በርሳቸው የሚሰካኩ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች አመጡና ጨርቅ አስረው ለአለቆቻቸው አሳዩ። አሳቡ ጃንጥላ ነው! በቤቱ ፀሐይ በሚመታው ጐን አንድ ስንዝር ያህል የምትሰፋ የመመርመሪያ መስኮት ነበረች። የታጠፈው ጃንጥላ በዚያች መስኮት ከውስጥ ይገፋል፤ ውጭ ከደረሰ በኋላ ዘንጎቹ ተዘርግተው ጨርቁን ይወጥሩታል። ስለዚህ ማንም ሰው ወደ ውጭ መውጣት አያስፈልገውም። ወርዱ 6.7፣ ቁመቱ 7.3 ሜትር የሆነ ስስ ጨርቅ ተሰፍቶ ተዘጋጀ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ የባሰ ነበር። የታሰረውን ክንፍ ማን ይፈታዋል? በምንስ? ከክንፉ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይመጣ ስለ ነበር እንዳልጠፋ ታውቋል፤ ምን እንደ ያዘው ግን በዓይን ያየ የለም። ስለዚህ ለሁሉም እንዲሆን ብለው ከየዓይነቱ መሣሪያ ሰበሰቡ፤ ከነዚህም መካከል በረጅም ዘንግ ጫፍ የሚገባ፣ ገመዱ ሲሳብ የሚነክስ የሽቦ መቁረጫ መቀስ ነበረ። በኤሌክትሪክና በስልክ ምሰሶ ላይ የሚሠሩ ሰዎች የሚይዙት ዓይነት ነው።

በአላባማ በሃንትስቪል ከተማ 23 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ጥልቀት ያለው የውሃ ገንዳ ነበረ። በዚያ ገንዳ ውስጥ የስካይላብ አምሳያ ሰጥሞ ነበር። የጠፈር ልብስ የለበሰ ሰው እንዳይሰጥምም እንዳይንሳፈፍም ሆኖ በክብደት ተመዛዝኖ ሲገባበት፣ ክብደት በሌለበት ስፍራ የመሥራትን አሳር ይቀምስ ነበር። ራስቲ ሽዋይከርት የተባሉት፣ በ1969 እ.ኤ.አ. በአፖሎ 9 ወደ ጠፈር ሄደው የነበሩት ሰው፣ በዚህ ውሃ ውስጥ ገብተው ዘዴውን አንድ በአንድ ይሞክሩ ጀመር።

ነገሩ ለምን ከባድ እንደ ሆነ እናስረዳዎ። የጠበቀ በር ሲስቡ በሩን የሚያስከፍትዎ ክንድዎ ብቻ አይደለም፤ እግርዎን በነጻ የምትይዝልዎ መሬት ናት። ጠፈር ላይ ግን እግርዎን የሚይዝ የለም። በሩን ወደ እርስዎ ሲስቡ እርስዎ ወደ በሩ ይሄዳሉ። ብሎን ሲያዞሩ ብሎኑ ቆሞ እርስዎ ይዞራሉ። ስለዚህ ሰው ይሠራበታል ተብሎ በታሰበው ስፍራ ሁሉ የእጅ መያዣና የእግር መቆንጠጫ ተበጅቷል። በተጣበቀው ክንፍ ዘንድ ግን ይሄዳል ተብሎ የታሰበ ሰው ስላልነበረ መያዣም መቆንጠጫም የለም።

ግንቦት 17 ቀን ሦስቱ ሰዎች ተነሡ። አዛዡ የባሕር ኃይሉ ካፒቴን ፒት ኮንራድ ሲሆኑ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ጨረቃን ከረገጡት ሰዎች ሦስተኛው ናቸው። ሁለተኛው ዶክተር ጆሴፍ ኬርዊን ሐኪም ናቸው። ሦስተኛው ኮማንደር ፖል ዋይትስ ይባላሉ። ከቤቱ አጠገብ እንደ ደረሱ ሳይገቡ ክንፉን ሊያስለቅቁ ሞከሩ። ኮንራድ መርከቧን እየነዱ አስጠጉ፤ ዋይትስ በተከፈተው በር እስከ ወገባቸው ብቅ ብለው በረጅም ዘንግ ክንፉን ያዙ፤ ዶክተሩ ደግሞ ከውስጥ እግራቸውን ጨብጠው ይዘዋል። ዋይትስ ሲስቡ ክንፉ በመላቀቅ ፈንታ መርከቧና ቤቱ እርስ በርሳቸው ተሳሳቡ። በዚያን ሰዓት በራዲዮ የተሰማው ንግግር ሁሉ ለጋዜጣ የሚሆን አልነበረም ይባላል። ትተውት ወደ ቤቱ ሊገቡ ቢሉ ደግሞ የመርከቧ መያዣ አልነክስ አለ። ብዙ ጊዜ ሞክረው ስላልሆነ፣ የጠፈር ልብሳቸውን ለብሰው አየሩን አስወጥተው መያዣውን ከፈቱና ሽቦውን አስተካክለው በስተመጨረሻ ተጣበቁ።

በማግሥቱ ጃንጥላው በመስኮቱ ወጣ፤ ትንሽ ተጨማዶ ቢዘረጋም ሥራውን ሠራ። ሙቀቱም በጥቂት ቀኖች ውስጥ ለሰው ወደሚስማማ ልክ ወረደ።

ኤሌክትሪኩ ግን እየከፋ ሄደ። ከባትሪዎቹ አንዳንዶቹ ሥራቸውን አቆሙ። በዚህ ሁኔታ ሥራው በግማሽ እንኳ እንደማይከናወን፣ ተከታዮቹ ሁለት ቡድኖችም ለመምጣታቸው ዋስትና እንደሌለ ታወቀ። ከመሬት ትእዛዝ መጣ፤ «ውጡና ክንፉን ፍቱት።» የሃንትስቪሉ ውሃ ያስተማረው ዘዴ ሁሉ ተጽፎ ወደ ላይ ተላከ። ሁለቱ ሰዎችም በቤቱ ውስጥ ዘንጉን እየሰካኩ፣ ገመዱን እየቋጠሩ ተለማመዱ።

ግንቦት 30 ቀን ኮንራድና ዶክተር ኬርዊን ወጡ። በጀርባቸው የተሸከሙት አየር አልነበረም፤ አየሩም ማቀዝቀዣ ውሃውም ከቤቱ ውስጥ በረጅም ቱቦ ይደርሳቸዋል፤ የጠፈር ሰዎችም ይህን ቱቦ በትክክል «እትብት» ይሉታል። የተቀደደ ብረት ጫፍ ልብሱን ወይም እትብቱን ቢበሳ ምን እንደሚከተል መንገር አያስፈልግም። የሚሄዱትም ወደ ተቀደደ ብረት ነው።

ዘንጉን ሰክተው 7.6 ሜትር ያህል አደረሱትና ዶክተሩ መቀሱን ወደ ማሰሪያው ላኩት። የሚፈለገው የመቀሱን መንጋጋ በአንዲት ቀጭን የአሉሚኒየም ቁራጭ ላይ ማግባት ብቻ ነው። ነገር ግን ዘንጉን ወደ ቀኝ ሲገፉ ሰውነታቸው ወደ ግራ ይሄዳል፤ በአንድ እጃቸው ቤቱን ይዘው በሌላው ሲሞክሩ የመቀሱ ጫፍ እንደ ሸምበቆ ይወዛወዛል። ቀዶ ጥገና ለሚያውቅ እጅ ይህ ምን ያህል እንደሚያበሳጭ ይገምቱ። ገንዳው ውስጥ ውሃው ራሱ ሰውን ጥቂት ይዞ ያረጋጋል፤ በባዶ ጠፈር ግን ውሃ የለም። ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሉ። አልሆነም።

ከዚያ ዶክተር ኬርዊን አንድ ነገር አስተዋሉ። ከእግራቸው አጠገብ አንዲት የቀለበት ብሎን አለች። የወገባቸውን ማሰሪያ ገመድ አሳጥረው በዚህች ቀለበት አጠፉት፤ ሁለት እግራቸውን ከቤቱ ገላ ላይ ተክለው ገመዱን በወገባቸው ወጠሩት። አሁን ሦስት ነጥብ ላይ ቆመዋል፤ እንደ በርጩማ ማለት ነው! እጆቻቸው ነጻ ወጡ። መንጋጋውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ማሰሪያውን ያዘ።

ካፒቴን ኮንራድ በዘንጉ ላይ እየተንጠላጠሉ፣ እጅ በእጅ እየተሳቡ እስከ ክንፉ ሄዱና የሚሳብበትን ገመድ አሰሩ። ኬርዊን የመቀሱን ገመድ ሳቡ፤ ማሰሪያው ተቆረጠ። ክንፉ ግን ጥቂት ብቻ ከፈት ብሎ ቆመ፤ ማጠፊያው በብርዱ ደርቆ ኖሯል። ሁለቱም ከገመዱ ሥር ገቡ፤ እግራቸውን በቤቱ ላይ ተክለው ገመዱን በትከሻቸው ተሸክመው በአንድነት ቀጥ ብለው ተነሡ። የደረቀው ነገር በድንገት ተሰበረ፤ ሁለቱም ወደ ባዶው ጠፈር ተፈናጥረው ሄዱ። እትብታቸው እስኪወጠር ድረስ ሄደው ተመለሱ። ተረጋግተው ወደ ኋላ ሲመለከቱ ክንፉ ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል።

ከመውጣት እስከ መግባት ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ፈጀ። በክንፉ ውስጥ የታጠፉት ገበታዎች ወዲያው አልተከፈቱም፤ ፀሐይ እያሞቀቻቸው ቀስ በቀስ ተፈቱ። ኤሌክትሪክም መጣ።

ሦስቱ ሰዎች 28 ቀን ሰንብተው ሰኔ 15 ቀን በሰላም ተመለሱ። ሁለተኛው ቡድን 59 ቀን፣ ሦስተኛው 84 ቀን ኖረበት። ሐምሌ 30 ቀን ከሁለተኛው ቡድን ኦወን ጋሪየትና ጃክ ሉስማ ወጥተው በሁለት ረጅም ምሰሶ የሚወጠር፣ ሃንትስቪል ላይ የተሰፋ ሌላ ጥላ በጃንጥላው ላይ ደረቡለት። ዶክተር ኬርዊን በሦስት ነጥብ ቆመው የፈቱት ክንፍ ቤቱ ሰው እስካለበት እስከ የካቲት 1966 ዓ.ም. ድረስ ኤሌክትሪክ ሲሰጥ ቆየ። ከዚያ በኋላ ስካይላብ ባዶውን ከአምስት ዓመት በላይ ዞሮ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1971 ዓ.ም. ወደ ምድር ወደቀ። ስብርባሪው በምዕራብ አውስትራሊያ ተበተነ፤ የኤስፐራንስ ወረዳ ሹማምንትም ለአሜሪካኑ የጠፈር መሥሪያ ቤት፣ በወረዳችን ቆሻሻ ጥላችኋል ብለው የ400 ዶላር መቀጫ ጻፉበት።