የአሸናፊው መዝገብ

ነጋዴ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጦ «ዘንድሮ ይህን ያህል ሸጥኩ» ሲለኝ እስክሪብቶ አላነሳም። የማነሳው ያወጣውን መናገር ሲጀምር ነው። ወልድያ ውስጥ የሰው ሒሳብ በመሥራት እተዳደራለሁ፤ እንደታዘብኩት ሰው የሸጠበትን ቀን ያስታውሳል፣ የከፈለበትን ግን ይረሳል። ከመርሳ ብርቱካን ጭኖ የሚሸጥ ሰው የመኪናውን ኪራይ ሳይጠየቅ ይነግርሃል። የጫኝና አውራጁን፣ የበሰበሰውን፣ ገበያው ወርዶ በኪሳራ የለቀቀውን ግን አንድ በአንድ እየጠየቅህ ነው የምታወጣው።

ፖከር ስለሚባለው የካርታ ጨዋታ ያናገረኝ የአንድ የመርሳ ደንበኛዬ ልጅ ነው። አባትየው ደረሰኝ ሲለዩ እሱ አንድ ቪዲዮ ከፍቶ ስልኩን አቀበለኝ። ዳንኤል ዌይንማን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2023 ላስ ቬጋስ ላይ የፖከርን ትልቁን ውድድር አሸንፎ 12.1 ሚሊዮን ዶላር ሲቀበል ያሳያል። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሥራ ነው!» አለኝ። አባትየው ቀና ሳይሉ «ቁማር ነው» አሉ።

ፖከር እኛ ዘንድ በስልክ ስክሪን ካልሆነ አይታይም። እዚህ ሰው ካርታ የሚጫወተው ለጊዜ ማሳለፊያ ወይም ለሻይ ነው። ሥራ ነው ወይስ ቁማር የሚለው ግን የሙያዬ ጥያቄ ስለነበር ሒሳቡን ለልጁ ሠራሁለት።

የዚያ ውድድር መግቢያ 10 ሺህ ዶላር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ አልተለወጠም። በ2023 የተመዘገቡት 10,043 ናቸው። እያንዳንዱ ከከፈለው 9,300ው ለሽልማት ሲገባ 700ው ለአዘጋጁና ለሠራተኛው ቀረ። ገንዘብ የደረሳቸው 1,507 ሰዎች ሲሆኑ ትንሹ ሽልማት 15 ሺህ ዶላር ነበር። ከመቶው ሰማንያ አምስቱ ባዶ እጃቸውን ወጡ ማለት ነው፤ የእነሱን ቪዲዮ ማንም አልጫነውም። በውድድር ፖከር የሚኖር ሰው፣ ጎበዝ የሚባለውም ቢሆን፣ ከገባባቸው ውድድሮች በአብዛኞቹ የሚሸነፍ ሰው ነው። ለዚህም ነው ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች የመቶ ውድድር መግቢያ ያህል ገንዘብ ሳይዙ ወደ ሙያው አትግቡ የሚሉት። ለዚህኛው ውድድር እንዲያ ይሰላ ቢባል 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ልጁ እዚህ ላይ ዝም አለ፤ አባትየው ደረሰኝ መለየታቸውን አቁመው ይሰሙ ጀመር።

የሙያ ወገንተኝነት ይሁንብኝና፣ ይህን ጨዋታ የዓለም ወሬ ያደረገው አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ክሪስ መኒሜከር («ገንዘብ ሠሪ» እንደማለት ነው፤ እውነተኛ የቤተሰብ ስሙ ነው) የቴነሲ ሰው ሲሆን፣ በኢንተርኔት 86 ዶላር ከፍሎ የማጣሪያ ጨዋታ አሸነፈና እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ ገባ። 839 ሰዎች በተመዘገቡበት በዚያው ውድድር አንደኛ ወጥቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። በዓመቱ የተመዝጋቢው ቁጥር 2,576 ደረሰ። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚስበኝ ግን የ86 ዶላሩ ዕድል አይደለም። ሰውየው ከመጫወቱ በፊት ከሚያገኘው ሽልማት ድርሻ ቆርሶ ለአባቱና ለጓደኛው ሸጦ ነበር። ስለዚህ ባሸነፈ ጊዜ በተነሳው ፎቶ ላይ ከፊቱ የተከመረው ብር ሁሉ የእሱ አልነበረም።

ድርሻ መሸጥ በዚያ ሙያ የተለመደ ነው። ለመርሳ ገበሬ ማስረዳት ቢያስፈልገኝ የእኩል እርሻ እለዋለሁ፦ አንዱ መሬት ያመጣል፣ አንዱ በሬና ጉልበት፤ ምርቱን ይካፈላሉ። ልዩነታቸው ክፉ ዓመት ሲመጣ ነው። የእኩል አራሽ ሰብሉ በድርቅ ቢመታበት የዚያ ዓመት ድካሙ ይቀልጣል እንጂ የመሬቱ ባለቤት ዘንድ ባለዕዳ ሆኖ አያድርም። ፖከር ላይ ግን በብዙ ውሎች ኪሳራው በዕዳ ይጻፋል፤ ተጫዋቹ በቀጣይ ሲያሸንፍ አስቀድሞ ያን ዕዳ ይከፍላል፣ ትርፍ የሚካፈሉት ከዚያ የተረፈውን ነው። ሚሊዮኖች አሸነፈ የተባለ ሰው ለዓመታት ከዕዳው በታች ሊኖር ይችላል።

መዝገቡን ለሕዝብ ከገለጡት ጥቂቶች አንዱ ካናዳዊው ዳንኤል ኔግራኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በውድድሮች 2.79 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተቀበለ። ለመግቢያ የከፈለው 2.88 ሚሊዮን ገደማ ነው። ዓመቱን 86 ሺህ ዶላር ያህል ከስሮ ዘጋ፤ አውሮፕላኑና ሆቴሉ ሳይታሰብ። ዝናው ግን ያው ነበር።

ልጁ በስልኩ የሚያየው ፖከር ቢሆንም ኪሱን የሚያራግፈው የእግር ኳስ ውርርድ ነው፤ ያንንም አልሸሸገኝም። አባቱም እሱም ፖከርንና ውርርድን አንድ አድርገው ማየት አልነበረባቸውም። ፖከር ተጫዋች የሚፋለመው ሌላ ተጫዋች ነው፤ አጫዋቹ ቤት ድርሻውን አስቀድሞ ነግሮ ይቆርጣል። ቤቲንግ ላይ ግን ተጋጣሚህ ራሱ ዋጋ የሚያወጣው ቤት ነው። እኩል ዕድል ላለው ነገር 2 መክፈል ሲገባ 1.85 ቢከፍል፣ በእያንዳንዷ ብር 7.5 ሳንቲም ወሰደ። አስር እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን በአንድ ትኬት ስትደረድር ኪሳራው እርስ በርሱ ይባዛል። በ100 ብር የቆረጥከው ትኬት ዋጋው ኳሱ ሳይጀመር 46 ብር ገደማ ነው። ካልኩሌተሩን ለልጁ ሰጥቼው ራሱ አባዛው፤ ሁለት ጊዜ።

ከዚያ በኋላ ነበር ስለ ግብር የጠየቀኝ፣ አውቆ ሊያስቀኝ ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 አገር ውስጥ በዕድል ሙከራ ከተገኘ ገቢ 15 በመቶ እንዲከፈል ሲደነግግ ስሌቱ በጠቅላላው ገቢ ላይ ነበር፤ በጨዋታው የደረሰ ኪሳራ ተቀናሽ አይሆንም ነበር። ኔግራኑ ያን ዓመት የተጫወተው እዚህ ቢሆን፣ ከስሮም ከ418 ሺህ ዶላር በላይ ግብር ይጠበቅበት ነበር። አባትየው ይህን ሲሰሙ የደረሰኞቻቸውን እሽግ ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «እንግዲያው የእኔን ጨርስልኝ» አሉ።