ከመርከቡ ባትሪ በፊት የወደቡን መስመር ጠይቁ

ስለ ኤሌክትሪክ መርከብ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ባትሪው ምን ያህል ያስኬዳል?» ብሎ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ወደቡን ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረችው የኖርዌይ መኪና አሻጋሪ ጀልባ አምፔር 1 ሜጋዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ ባትሪ አላት። ሶግነፊዮርድ የተባለውን የባሕር ሰርጥ በ20 ደቂቃ ገደማ ትሻገራለች፤ ቻርጅ የምታደርገው መኪኖች እስኪወርዱና እስኪሳፈሩ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። የሁለቱ ወደቦቿ፣ የላቪክና የኦፔዳል፣ የገጠር የኤሌክትሪክ መስመር ግን ያን ሁሉ ኃይል በአንዴ አይችልም። ስለዚህ በሁለቱም ዳርቻ ሌላ ባትሪ ተተከለ። ልክ እንደ ቤታችን ሮቶ፣ ከቀጭኑ መስመር ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ጀልባዋ ስትደርስ በአንዴ ይለቃል።

ውቅያኖስ በሚያቋርጥ መርከብ የባትሪው ሥራ ሌላ ነው፦ የኃይል ፍላጎት ድንገት ሲጨምር ክፍተቱን ይሞላል፤ ለመጠባበቂያ ብቻ የሚሠራ ጄኔሬተር ይጠፋል፣ ነዳጅም ይተርፋል። «ውቅያኖሱን በባትሪ ብቻ» የሚላችሁን ሻጭ ግን የባትሪውን ክብደት ጠይቁት።