ተሠርቶ ያለቀው ፒካፕ የሚጠብቀው ወረቀት

በአሜሪካ አንድ አዲስ መኪና ከፋብሪካ ስለወጣ ብቻ ገዢው እጅ አይገባም። መጀመሪያ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ በአጭሩ ኢፒኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ የጭሱን ንጽሕና መርምሮ የብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ሊሰጠው ይገባል። በ1970 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ በዚህ ላይ ጥብቅ ነው። ይህን ወረቀት ያላገኘ አዲስ መኪና መሸጥ፣ ለሽያጭ ማቅረብ፣ ወደ ገበያ መላክ፣ ከውጭ አገር ማስገባትም ክልክል ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ወረቀት በመጠበቅ ብዛት ካወቁት መካከል በ2021 ፎርድ ማቨሪክን ያዘዙ ሰዎች ይገኙበታል። ማቨሪክ በሜክሲኮ፣ ሶኖራ ግዛት፣ ኤርሞሲዮ ከተማ የሚገጣጠም ትንሽ ባለ አራት በር ፒካፕ ነው። በጁን 2021 ይፋ ሲደረግ ሁለት ነገሮች ሰውን አስደነቁ። አንደኛው መነሻ ዋጋው 19,995 ዶላር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዚያ ዋጋ የሚሸጠው በቤንዚንና በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሃይብሪዱ ራሱ መሆኑ ነው። በሌሎች መኪኖች ላይ ሃይብሪድ የሚፈልግ ሰው ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍል ነበር፤ እዚህ ግን ተጨማሪ የሚያስከፍለው ባለ ተርቦው የቤንዚን ሞተር ሆነ። ሃይብሪዱ 2.5 ሊትር የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አጣምሮ 191 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ባትሪው 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚይዝ ትንሽ ስለሆነ ሶኬት ላይ አይሰካም፤ መኪናው ሲሄድና ፍሬን ሲያዝ ራሱን ይሞላል። እስከ 680 ኪሎ ይጭናል። በከተማ በአንድ ጋሎን 42 ማይል፣ ማለትም በሊትር ወደ 18 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ጭነት ለሚያነሣ መኪና ይህ በጣም ጥሩ ቁጥር ነው።

ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 100,000 ገደማ ሰው ተራ ያዘ። በመጸው ባለ ተርቦዎቹ ማቨሪኮች መንገድ ላይ መታየት ሲጀምሩ፣ ሃይብሪድ ያዘዙት ግን ገና በመጠበቅ ላይ ነበሩ። በዚያ ዓመት የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ እጥረት የዓለምን የመኪና ፋብሪካዎች አስቸግሮ ስለነበር መዘግየቱን ሁሉ በአንድ ወረቀት ማሳበብ አይቻልም። የገዢዎቹ ምሬት ያረፈው ግን ወረቀቱ ላይ ነበር። ቺፕ ጠፋ ሲባል ሰው ይረዳል። መኪናው አልቆ ቆሟል፣ ፊርማ ነው የቀረው ሲባል ግን ለመታገሥ ይከብዳል።

አገር ቤት መኪና የነዳ ሰው ምርመራ ሲባል በየዓመቱ ለቦሎ የሚደረገው ይታወሰዋል። እሱ አንድ ባለቤት፣ አንድ መኪና፣ አንድ ሰሌዳ ነው፤ መኪናው ከተሸጠና ከተነዳ በኋላ የሚመጣ ነው። ኢፒኤ የሚሰጠው ፈቃድ ግን መኪናው ከመሸጡ በፊት ነው የሚመጣው፤ ተመሳሳይ ሞተርና የጭስ ማጣሪያ ያላቸውን መኪኖች ሁሉ በአንድ ምድብ ይሸፍናል። የሚያገለግለውም ለአንድ የሞዴል ዓመት ብቻ ነው። በመኪናው ላይ አንድም ነገር ባይለወጥ እንኳ ለሚቀጥለው ዓመት ሞዴል አዲስ ወረቀት መውጣት አለበት።

የሚገርመው በዚያው አገር የመኪና ደኅንነት የሚሠራው በሌላ መንገድ መሆኑ ነው። ስለ ፍሬን፣ ስለ ቀበቶ፣ ስለ ኤርባግ መመዘኛውን የሚያወጣው መንግሥት ቢሆንም፣ መኪናዬ መመዘኛውን አሟልቷል ብሎ የሚያረጋግጠው አምራቹ ራሱ ነው። ቅድመ ፈቃድ የሚጠይቀው ጭሱ ነው። አውሮፓ ውስጥ ሁለቱም ቅድመ ፈቃድ ይፈልጋሉ።

አብዛኛውን ሙከራ አምራቹ በራሱ ላቦራቶሪ ያካሂዳል፤ ኢፒኤ ደግሞ ከመካከላቸው የመረጣቸውን ሚሺጋን ውስጥ አን አርበር ከተማ በሚገኘው ላቦራቶሪው ራሱ ደግሞ ይሞክራል። መኪናው በሚሽከረከሩ ትልልቅ በርሜሎች ላይ ቆሞ፣ ሹፌሩ በስክሪን ላይ የሚታየውን የፍጥነት መስመር እየተከተለ ይነዳል። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ሁሉ ተሰብስቦ ይለካል። የከተማው ሙከራ መሠረቱ የሎስ አንጀለስ የጠዋት ትራፊክ ነው፤ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ይፈጃል፣ ግማሽ ሰዓት ያህልም ይወስዳል። ነገር ግን ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ መነሣት ስላለበት መኪናው አስቀድሞ ቢያንስ 12 ሰዓት ሳይነካ ይቆማል። በዚህ ላይ የአውራ ጎዳና ሙከራ አለ። በሰዓት ወደ 129 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የፍጥነት ሙከራ አለ። በ35 ዲግሪ ሙቀት አየር ማቀዝቀዣ ከፍቶ፣ ከዜሮ በታች በ7 ዲግሪ ብርድም የሚደረጉ አሉ። ማጣሪያው 240,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተነዳ በኋላም እንደሚሠራ ማሳየት ያስፈልጋል፤ ያን ያህል እየነዱ መጠበቅ ስለማይቻል ማጣሪያው በላቦራቶሪ በከፍተኛ ሙቀት እንዲያረጅ ይደረጋል።

እስከዚህ ያለው ለማንኛውም የቤንዚን መኪና ነው። ሃይብሪድ ሲሆን ሥራው ይወሳሰባል፤ ብዙዎቹ ገዢዎች ያልተነገራቸውም ይህ ይመስለኛል።

ሃይብሪድ ሁለት የኃይል ምንጭ አለው። ሙከራውን በሞላ ባትሪ ጀምሮ በጎደለ ባትሪ ቢጨርስ፣ ከባትሪው የተበደረውን ኃይል እንደ ነዳጅ ቁጠባ ሊያስቆጥር ይችላል። ስለዚህ በሙከራው መጀመሪያና መጨረሻ ባትሪው ውስጥ ያለው ኃይል ይተያያል፤ ልዩነቱ ሞተሩ ካቃጠለው ነዳጅ ኃይል ከ1 በመቶ እንዲበልጥ አይፈለግም። ከበለጠ ውጤቱ እንዳለ አይወሰድም።

ቀጥሎ የጭስ ማጣሪያው አለ። ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚሠራው ሲግል ነው፤ ከበረደ መርዛማውን ጋዝ ሳያጣራ ያሳልፈዋል። ተራ መኪና ሞተሩ አንዴ ከተነሣ በጉዞ ላይ ብዙም ስለማይጠፋ ማጣሪያው እንደጋለ ይቆያል። የሃይብሪድ ሞተር ግን በአንድ ጉዞ ውስጥ ደጋግሞ ይጠፋል፣ ደጋግሞ ይነሣል። ቁልቁለት ሲወርድ፣ መብራት ላይ ሲቆም፣ በባትሪ ብቻ ሲያዘግም ማጣሪያው እየበረደ ነው። ከዚያ ሹፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሩ በበረደ ማጣሪያ ላይ ይነሣል። ሞተሩ መቼ ይጥፋ፣ መቼ ለማጣሪያው ሲባል ሳይጠፋ ይቆይ የሚለውን የሚወስነው በመኪናው ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ነው። መርማሪውም ሶፍትዌሩ በላቦራቶሪና በመንገድ ላይ አንድ ዓይነት ጠባይ እንዳለው ማወቅ አለበት።

ሦስተኛው ችግር ከጭስ ማውጫው ጋር ግንኙነት የለውም። ቤንዚን መኪናው ቆሞም ይተናል። ትነቱ ወደ አየር እንዳይወጣ ከነዳጅ ታንኩ ጋር በተያያዘ የከሰል ሣጥን ውስጥ ይያዛል፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከዚያ እየሳበ ያቃጥለዋል። የሃይብሪድ ሞተር የሚሠራበት ጊዜ አጭር ስለሆነ ከሰሉን ለማራገፍ ያለው ዕድልም ያንኑ ያህል ያጥራል። ይህን ለመለካት መኪናው በታሸገ ክፍል ውስጥ ገብቶ እንደ ቀንና ሌሊት ሙቀቱ ከፍና ዝቅ እየተደረገ ለቀናት ይቆያል። ይህ ሙከራ በማንም ችኮላ አያጥርም።

የነዳጅ ፍጆታው ቁጥርም ያለ ምርመራ አይለጠፍም። እያንዳንዱ አዲስ መኪና መስኮቱ ላይ ቁጥሩን የያዘ ወረቀት ተለጥፎበት መሸጥ አለበት። ያ ቁጥር ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ፎርድ ራሱ ያውቀዋል። ሲ ማክስ የተባለው ሃይብሪዱ በጋሎን 47 ማይል ተብሎ ተሸጠ። ቁጥሩ የተወሰደው ተመሳሳይ ሞተር ካለው ከሌላ ሃይብሪዱ፣ ከፊውዥን ነበር፤ የዘመኑ ደንብም ይህን ይፈቅድ ነበር። ይሁንና ሲ ማክስ ቁመቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ነፋሱን የሚገፋው በሌላ መልኩ ነው። በ2013 ቁጥሩ ወደ 43፣ በ2014 ደግሞ ወደ 40 ወረደ፤ ፎርድም ለገዢዎቹ ካሣ ከፈለ። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ እየነዱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ በርካታ ወገኖቻችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስረጂ አያስፈልጋቸውም። በዓመት 50,000 ማይል የሚነዳ ሰው 47 ተብሎ 40 ቢያገኝ ካሰበው 700 ሊትር ያህል በላይ ቤንዚን ይቀዳል። ከኪሱ ነው የሚወጣው።

ከዚህ የከፋም ደርሷል። ፎልክስዋገን በናፍጣ መኪኖቹ ውስጥ በምርመራ ጊዜ ብቻ ጭሱን የሚያጠራ፣ በመንገድ ላይ ግን የሚለቅ ሶፍትዌር ደብቆ ነበር። የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መኪኖቹን መንገድ ላይ ለክተው ልዩነቱን ካገኙት በኋላም ኩባንያው ከዓመት በላይ ሌላ ሰበብ ሲያቀርብ ቆየ። ያመነው ኢፒኤና የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ ለ2016 ሞዴሎቹ ፈቃድ አንሰጥም ብለው ሲቆሙ ነው። በሴፕቴምበር 2015 እውነቱን ያወጣው ያልተፈረመው ወረቀት ነበር። ከዚያ ወዲያ ኢፒኤ ያልታወቁ ተጨማሪ ሙከራዎችን እንደሚያደርግ ለአምራቾች ሁሉ አስታወቀ። በ2017 ራም 1500 የተባለው ፒካፕ ባለ ናፍጣ ሞዴልም በተመሳሳይ ጥያቄ ምክንያት ፈቃድ ያገኘው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ በጁላይ ነው።

ስለዚህ ምርመራው ይላላ ወይም ይቅር የሚሉትን አልደግፍም። ገዢዎቹን ያስመረራቸው ነገር ግን እውነት ነው፤ ሊስተካከልም የሚችል ነው። አምራቹ ዋጋውን፣ ቀለሙን፣ የመድረሻውን ወቅት አስቀድሞ በታላቅ ማስታወቂያ ያውጃል፤ ማመልከቻው ግን መኪናው ለገበያ እስኪወጣ ድረስ የንግድ ምስጢር ሆኖ ይያዛል። በዚህ መካከል ገዢው ሻጩን ይጠይቃል፣ ሻጩ አላውቅም ይላል፣ ኤጀንሲውም ስለ አንድ ኩባንያ ማመልከቻ መናገር አይችልም። አሮጌ መኪናውን የሸጠ፣ ብድር ያስፈቀደ፣ ሥራውን በአዲሱ ፒካፕ ላይ ያቀደ ሰው ለወራት ያለ መልስ ይቀመጣል። ምስጢሩን ከተፎካካሪ ለመጠበቅ ሲባል የቴክኒክ ዝርዝሩ ቢደበቅ ተገቢ ነው። ማመልከቻው ገብቷል፣ ሙከራው በዚህ ደረጃ ላይ ነው ብሎ ላዘዘ ሰው መጻፍ ግን የማንንም ምስጢር አያወጣም፤ ማድረግ የሚችለውም አምራቹ ነው።

ችግሩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። አውሮፓ በሴፕቴምበር 2018 አዲስ የጭስ መለኪያ ለአዲስ መኪኖች ሁሉ ግዴታ ስታደርግ የመሞከሪያ ቦታዎች ተጨናነቁ፤ ፎልክስዋገን ፈቃድ የሚጠብቁ መኪኖቹን ለማቆም ያኔ ሥራ ባልጀመረው በበርሊኑ አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ቦታ ተከራየ። ደንቡ የሚጸናበት ቀን አስቀድሞ ታውቆ ሳለ ይህ መድረሱ የዝግጅት ጉድለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሃይብሪድ ፒካፕ አዝዞ የሚጠብቅ ሰው በራሱ ሊያያቸው የሚችላቸው ሁለት ምልክቶች አሉ። የመንግሥት የነዳጅ ፍጆታ ድረ ገጽ ላይ የሞዴሉ ቁጥር ከወጣ ሥራው ወደ መጨረሻው ደርሷል ማለት ነው። የካሊፎርኒያ ቦርድ ደግሞ የሚሰጠውን ፈቃድ በአምራችና በሞዴል ዓመት ለይቶ ለሕዝብ ያወጣል፤ የካሊፎርኒያን ደንብ በሚከተሉ ግዛቶች የሚኖር ሰው ያንንም መመልከት አለበት። ሁለቱ ከወጡ በኋላም መኪናው በባቡርና በጭነት መኪና መጓዝ ስላለበት፣ አሮጌውን መኪና ለመሸጥ እስከዚያ ድረስ አለመቸኮል ይሻላል።