አንድ ፊደልና አምስት ልሳናት፦ በመታወቂያ ሰነድ ላይ ያለው የጾታ ምልክት ከጅቡቲ ከተማ ሲታይ

በመታወቂያ ሰነድ ላይ «ጾታ» የሚለው ሣጥን ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ፊደል ይሞላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ፊደል ከወረቀቱ ወጥቶ ወደ ንግግር ሲገባ ምን እንደሚሆን ማስረዳት ነው። ለዚህ ጅቡቲ ከተማ ምቹ መመልከቻ ናት። በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕገ መንግሥት መሠረት የሀገሪቱ ይፋዊ ቋንቋዎች ዓረብኛና ፈረንሳይኛ ናቸው፤ በቤትና በገበያ ሶማሊኛና አፋርኛ ይነገራሉ፤ በናጋድ ባቡር ጣቢያና በወደቡ በኩል የሚመላለሱ ኢትዮጵያውያን ደግሞ አማርኛን ይዘው ይመጣሉ።

ጥያቄው በይበልጥ የሚነካቸው ሰዎች በሁለት ወገን ይታያሉ፦ ከወንድና ከሴት ውጪ ራሳቸውን የሚገልጹና በተፈጥሮ አካላቸው ከሁለቱ በአንዱ የማይመደብ። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት 9303ኛ ሰነድ ለፓስፖርት ሦስት ምልክቶችን ይፈቅዳል፤ ኤም ለወንድ፣ ኤፍ ለሴት፣ ኤክስ ላልተገለጸ ጾታ። አርጀንቲና በ2021 እ.ኤ.አ. ኤክስን በብሔራዊ መታወቂያዋ ላይ ፈቅዳለች። በአካባቢያችን ደግሞ ኬንያ በ2019 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራዋ በተፈጥሮ አካላቸው ከሁለቱ የማይመደቡ 1,524 ሰዎችን ለይታ ቆጥራለች። የኢትዮጵያው ፋይዳ መታወቂያ ጾታን «ወንድ» ወይም «ሴት» ብሎ ይመዘግባል።

ምልክቱ ሲነገር ግን እያንዳንዱ ልሳን በየራሱ መንገድ ይሸከመዋል። ፈረንሳይኛ ሁለተኛውን መደብ በጾታ አይለይም፤ ይሁን እንጂ «የተወለደ» እና «የተወለደች» የሚሉትን በጽሕፈት ስለሚለይ ቅጾቹ የሴቴ አመልካቿን ፊደል በቅንፍ ይጨምራሉ። ዓረብኛ «አንተ» እና «አንቺ»ን «አንታ» እና «አንቲ» ብሎ ይለያል። ሶማሊኛ «አዲጋ» ሲል ለሁለቱም ነው፤ ልዩነቱ የሚመጣው በሦስተኛው መደብ፣ «ኢሳጋ» እና «ኢያዳ» በሚሉት ተውላጠ ስሞችና በግሡ ነው። በአፋርኛም «አቱ» ጾታ የለውም፤ «ኡሱክ» እና «ኢስ» ግን ይለያሉ፣ በብዙ ቁጥር «ኦሶን» ይሆናሉ። በሶማሊኛ «ሴት» የሚለው ስም በነጠላ ቁጥር የሴቴ መስተአምር ሲይዝ («ናግታ»)፣ በብዙ ቁጥር የወንዴውን ይይዛል («ናጋሃ»)። ስለዚህ የሰዋስው ጾታና የሰው ጾታ አንድ ነገር አይደሉም። ቅጽ አዘጋጆች ይህንን ልዩነት ሲዘነጉ የቋንቋን ሕግ የተፈጥሮ ሕግ ያደርጉታል።

በአማርኛ ፊደሉ ፈጥኖ ወደ ግሥ ይለወጣል። መታወቂያ የተመለከተ ሠራተኛ ባለ ሰነዱን ሊጠራ ሲል «ና» ወይም «ነይ» ሊል ነው፤ ስለ ባለ ሰነዱ ለሌላ ሲናገርም «መጣ» ወይም «መጣች» ይላል። ፊደሉ ከሰውየው ማንነት ጋር ካልተስማማ፣ ስሕተቱ በአንድ ሣጥን አይቀርም፤ በየዓረፍተ ነገሩ ይደገማል፣ በወረፋ የቆመውም ሁሉ ይሰማዋል። በአንጻሩ የአማርኛ የአክብሮት መደብ ጾታን አይገልጽም። «እርስዎ»፣ «አንቱ» እና «እሳቸው» ለወንድም ለሴትም እኩል ናቸው፤ «ይምጡ»፣ «መጡ» እና «ይመጣሉ» የሚሉት ግሦችም እንዲሁ። እንደ «የትውልድ ዘመን» ያለ የቅጽ አርዕስትም ጾታ አይጠይቅም። በዚህ ረገድ የአማርኛ ቅጽ ከፈረንሳይኛው ይቀላል። ችግር የሚፈጥሩት «አቶ»፣ «ወይዘሮ» እና «ወይዘሪት» የሚሉት መጠሪያዎች ናቸው፤ እነርሱም ቢተዉ ስሙ ብቻውን ይበቃል።

ይህ መፍትሔ ወሰን አለው። አክብሮት ርቀትን ያመጣል፤ ሠራተኛ ወጣትን «እርስዎ» ማለት ባይለምድ አያስገርምም፣ ባልንጀራ ባልንጀራውን እንዲህ ቢጠራውም እንደ ቅያሜ ይቈጠራል። በስያሜም በኩል «ፍናፍንት» የሚለው የቆየ ቃል ንቀት ስላዘለ ለይፋ ሰነድ አይመችም፤ «ያልተገለጸ» የሚለው ግልጽ ቃል ይመረጣል።

እንግዲህ የሰነድ ማሻሻያ በቢሮ ሲታሰብ የቋንቋ ባለሙያ ድርሻ ሦስት ነው፦ ሣጥኑ በእርግጥ ለምን ሥራ እንደሚያስፈልግ መጠየቅ፣ በየቋንቋው ጾታ በየትኛው መደብ እንደሚለይ ለይቶ ማሳየት፣ እና ጾታን የማይገልጸውን ነባር መልክ ለቅጹና ለመስኮቱ ንግግር ማቅረብ። በአማርኛ ይህ አዲስ ሰዋስው መፍጠርን አይጠይቅም፤ ለሽማግሌ የምንሰጠውን ክብር ለማንኛውም ባለጉዳይ መስጠት ይበቃል።